አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚበሩበት ቅዳሜና እሁድ፦ ዝግጅቱን ከሶኬት እስከ ካርቶን

ጭሱ ነጭ ነበር። መጀመሪያ "ጧ" የሚል ትንሽ ድምፅ፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚግተለተል ጭስ፣ ከዚያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ። ሰላሳ ሰው የሚንጫጫበት ክፍል ባንዴ ጸጥ አለ። ማሽኑ የኔ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይነካ ተቀምጦ የኖረ ኮምፒውተር ነበር። ቤት ሳልሞክረው፣ "እዚያው ሰው ፊት ባበራው ያምራል" ብዬ ይዤው ሄድኩ። አላማረም።

በኋላ ስንፈታው ጉዳቱ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ፓወር ሰፕላዩ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ እንዲመች የሚለውጠው ክፍል) ውስጥ ያለች አንዲት ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ፣ ናት የፈነዳችው። ክፍሉን ለማናፈስ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን። አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ አልተመለሰችም። እኔም ብሆን አልመለስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆችን ለማሰባሰብ በተነሳሁ ቁጥር አንድ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ፦ ቅዳሜ እንዲያምር የሚያደርገው ሥራ ከቅዳሜ በፊት ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ አብዛኛው ስለ ዋዜማው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 1፦ መጠኑን ወስኑ

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ስንት ማሽን እንደምታስተናግዱ ተነጋገሩ። ስንት ሰው አላልኩም፤ ስንት ማሽን። ሰው ቆሞም ያያል። ማሽን ግን ጠረጴዛ፣ ሶኬት፣ ስክሪንና ባለቤት ይፈልጋል።

ትንሽ መጀመር አያሳፍርም። የዚህ ሁሉ ነገር አያት የሆነው ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ ማርች 5 ቀን 1975 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ፣ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ ነው። የተገኘው ሰው ሰላሳ ገደማ ነበር። የወሬው ማዕከል አልቴር 8800 የምትባል አንዲት የኮምፒውተር ሳጥን ነች። ከታዳሚዎቹ አንዱ በኋላ አፕልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ነበር፤ አፕል 1ን ለመሥራት የተነሳሳሁት ያን ምሽት ነው ብሏል። አዳራሽ አልነበረም፣ ባነር አልነበረም። የሚነካና የሚያወያይ ማሽን ግን ነበረ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ማሽን ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አዘጋጁ ሁለቱንም ቀን ገመድ ሲያሳድድ ይውላል እንጂ አንድም ጌም አይጫወትም።

ርዕስ መምረጥም ያግዛል። በ1989 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የተጀመረው ካንሳስፌስት አፕል 2 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ያተኩራል። በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ቪንቴጅ ኮምፒውተር ፌስቲቫል ደግሞ ሁሉንም ዓይነት ይቀበላል። ሁለቱም ያስኬዳል። ለትንሽ ዝግጅት ግን እኔ የምመርጠው አንድ ዓመት ነው። ለምሳሌ 1982ን ብትወስዱ ያን ዓመት የወጡት ሁለት የቤት ኮምፒውተሮች፣ ኮሞዶር 64 እና ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሁለቱ ወዳጆች ከአርባ ዓመት በላይ ሲነታረኩ ኖረዋል፤ ጨዋታ አታጡም።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ሂዳችሁ እዩ

ፎቶ አይታችሁ አትወስኑ። ቦታው ድረስ ሂዱ፣ የደረጃውን ብዛት ቁጠሩ። የድሮው ባለ ቱቦ የቀለም ስክሪን ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ያለ ሊፍት በነጻ ቢሰጣችሁም ይቅርባችሁ።

መስኮቱ መጋረጃ ካለው እሰየው። የድሮ ስክሪን ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወት ይሆናል፤ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። በሩ ቅዳሜ ማታ የሚቆለፍ መሆኑን፣ ቁልፉም ማን እጅ እንደሚያድር አረጋግጡ። ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ማሽን ነቅሎ እሁድ ጠዋት እንደገና መትከል የሰውን ወኔ ይገድላል። እሳት ማጥፊያውንም እዩት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ይመረጣል። የዱቄቱ ዓይነት እሳቱን ያጠፋና ዱቄቱ ቦርዶቹ ላይ ተቀምጦ ብረት ሲበላ ይኖራል።

ለሁለት ማሽን አንድ ባለ 1.8 ሜትር ጠረጴዛ አስቡ። የድሮ ስክሪን ጀርባው ረጅም ስለሆነ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ኪቦርዱ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ጠረጴዛዎቹን ከግድግዳው አንድ ሜትር አርቁ፤ ከኋላ ገብቶ ገመድ የሚያስተካክል ሰው ሁልጊዜ አለ።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሪኩ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ዝግጅት የሚበላሸው ባብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

መጀመሪያ የትኛው ሶኬት በየትኛው ብሬከር ሥር እንደሆነ እወቁ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የጠረጴዛ መብራት ያዙ፣ አንዱን ብሬከር አጥፉ፣ መብራቱን በየሶኬቱ እየሰካችሁ ዙሩ። የጠፉት ሁሉ የዚያ ብሬከር ናቸው። ወረቀት ላይ የክፍሉን ንድፍ ሥሩና ሶኬቶቹን በቀለም ለዩ። ግድግዳው ላይ የተራራቁ አራት ሶኬቶች ባንድ ብሬከር ሥር ሆነው ብታገኙ አይግረማችሁ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። 230 ቮልት ላይ ያለ ባለ 10 አምፔር መስመር የመጨረሻ አቅሙ 2300 ዋት ነው። እስከ ጫፍ አትጠቀሙበት፤ 1800 ላይ አቁሙ። ኮሞዶርና ስፔክትረም የመሳሰሉት ራሳቸው የሚበሉት ትንሽ ነው፣ ከአንድ አምፖል አይበልጡም። የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ የ1981ዱ 5150 እንኳ የፓወር ሰፕላዩ አቅም 63.5 ዋት ብቻ ነበር። የሚበላው ስክሪኑ ነው። ባለ 14 ኢንች የቀለም ስክሪን ከ60 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። ማሽንና ስክሪን ተደምሮ በአንድ ሰው 150 ዋት ብትይዙ ባንድ መስመር አሥራ ሁለት ሰው ይገባል ማለት ነው። በወረቀት ላይ። የቀለም ስክሪኖች ሲበሩ ራሳቸውን ከማግኔት ለማጽዳት ለአፍታ ብዙ ኃይል ይስባሉ፤ ያ "ዱዥ" የሚለው ድምፅ እሱ ነው። አሥራ ሁለቱ እኩል "ዱዥ" ካሉ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ባንድ መስመር ከስምንት አታስበልጡ፣ ጠዋትም ሁሉንም ባንድ ማብሪያ አታስነሱ። ተራ በተራ ይብሩ።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መቀጠል ክልክል ይሁን። ጥቅል ኤክስቴንሽን ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ የገመዱን ልባስ ያቀልጣል። መሬት ላይ የሚያልፈውን ሁሉ በሰፊ ፕላስተር ለጥፉት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ከአሜሪካና ከጃፓን የመጡ ማሽኖች። የሚሠሩት በ100 ወይም በ120 ቮልት ነው። ሶኬት አስማሚ ብቻ አድርጎ 230 ላይ መሰካት ማሽኑን መግደል ነው። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ዋቱም ከማሽኑ ፍጆታ በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። እኔ እንዲህ ያለ ማሽን ሲመጣ ሶኬቱ ራስ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬ "120" ብዬ እጽፍበታለሁ። ማሽኑ ላይ አይደለም፣ ሶኬቱ ራስ ላይ። የሚሰካው ሰው እጁ ላይ ያለውን ነው የሚያየው።

በነገራችን ላይ የእነዚህ ማሽኖች ልዩነት ቮልቱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካኑ ኮሞዶር ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ሲያድስ የአውሮፓው 50 ጊዜ ነው። ብዙ ጌሞች ፍጥነታቸውን የሚለኩት በዚህ ምት ስለሆነ፣ ለአሜሪካ የተሠራው ጌም አውሮፓዊ ማሽን ላይ ሲጫን ሙዚቃው ሳይቀር አንድ ስድስተኛ ያህል ይጎተታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስነስቶ ማሰማት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው።

ደረጃ 4፦ ማሽኑን ቤት መርምሩ

ለሚመጣው ሁሉ ከሁለት ሳምንት በፊት የምትልኩት መልእክት ይኸው ነው፦ ቤት ያልበራ ማሽን አዳራሽ ውስጥ አይበራም። ተዘግቶ ሊታይ ይችላል። አይሰካም።

ከመሰካት በፊት ክዳኑን ክፈቱ። መጀመሪያ የምትፈልጉት ባትሪ ነው። ከሰማንያዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ ትንሽ በርሜል የመሰለች፣ ቦርዱ ላይ የተበየደች ባትሪ አለች። አሚጋ 2000 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ አለች። የአሚጋ 500 የሜሞሪ ማስፋፊያ ላይም አለች። ስታረጅ ታለቅሳለች። ፈሳሹ ቦርዱ ላይ ይሄድና መዳቡን ይበላል፤ ዙሪያዋ አረንጓዴና ሰማያዊ የጨው ቅርፊት ካያችሁ ጀምሯል ማለት ነው። ባትሪዋን ቆርጣችሁ አውጡ። ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ በጥጥ አቼቶ ነክራችሁ ጥረጉት፤ ትንሽ አረፋ ያወጣል። ከዚያ በተጣራ ውሃ፣ በመጨረሻም በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱትና በደንብ እስኪደርቅ ተዉት። እንደ ኤስኢ/30 ያሉ የማክ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለችው ባለ 3.6 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ስትፈነዳ ቦርዱን ብቻ ሳይሆን የብረት ሳጥኑንም ታዝገዋለች። እሷን ለማውጣት ሌላ ምክንያት አትጠብቁ። ያለሷም ኤስኢ/30 ይነሳል፣ ሰዓቱና የተቀመጡት ምርጫዎች ቢጠፉም።

ሁለተኛው አፍንጫ ነው። የዓሣ ሽታ ከሸተታችሁ ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ካፓሲተሮች አፍስሰዋል። በሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ማኮችና እንደ አሚጋ 600 እና 1200 ያሉት በዚህ የታወቁ ናቸው። መቀየር የሚችል ሰው እስኪያያቸው ድረስ አታብሩ።

ሦስተኛው የኔን ቀን ያበላሸችው ነች። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ፣ ኤሌክትሪኩ ከሚገባበት አጠገብ፣ ቢጫ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ የለበሰች አራት ማዕዘን ካፓሲተር ፈልጉ። በባትሪ መብራት ቀረብ ብላችሁ እዩዋት። ልባሷ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መስመር ካለ፣ እርጥበት በስንጥቁ ገብቶ ውስጧ ያለውን ወረቀት አርሶታል። ስትሰኩት ወዲያው ወይም አሥር ደቂቃ ቆይታ ትጨሳለች። ቢቢሲ ማይክሮ በሚባለው ኮምፒውተርና በ230 ቮልት በሚሠራው አፕል 2 ውስጥ በብዛት ትገኛለች። ደግነቱ መተኪያዋ በየትም ይገኛል፤ ዋናው ነገር የ"ኤክስ 2" ምልክት ያለው መሆኑ ነው። ብየዳ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ፈልጉ። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀሉም በኋላ ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ የመለማመጃ ቦታ አይደለም።

የኮሞዶር 64 ባለቤቶች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ያ ከባድ ጥቁር ጡብ የመሰለው ፓወር ሰፕላይ ሲያረጅ 5 ቮልት ማውጣት የነበረበት መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ የሜሞሪ ቺፖቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ። በቴስተር ስትለኩት ከ4.75 እስከ 5.25 መሃል መሆን አለበት። ግን ባዶውን ለክታችሁ ደህና ነው ብትሉም ሥራ ላይ ሲሞቅ ሊያብድ ይችላል። እኔ አልለካም። የድሮውን ለጌጥ አስቀምጬ በአዲስ ፓወር ሰፕላይ ነው የምሠራው። ክርክር የማልፈልግበት ቦታ ነው።

ስክሪኑን አትፍቱ። ባለ ቱቦ ስክሪን ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ከ10,000 በላይ ነው፣ ተነቅሎም ይቆያል። የመጀመሪያው ማኪንቶሽና ዘመዶቹም ስክሪናቸው አብሯቸው ስለሆነ ያው ናቸው።

ይህ ሁሉ አልፎ የመጀመሪያው ማብራት ሲደርስ፣ አንድ እጃችሁ ማጥፊያው ላይ ይሁን። ጆሮና አፍንጫ ክፍት። ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ፣ ከአጠገቡ አትነሱ።

ደረጃ 5፦ ስክሪንና ገመድ

ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ የሚያሳይበት ማጣት ያበሽቃል። ስፔክትረም ምስሉን የሚያወጣው እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ በአንቴና መስመር ነው፤ ቻናል 36 ላይ ትፈልጉታላችሁ። የዛሬ ቴሌቪዥን የአናሎግ ጣቢያ መፈለጊያ ከሌለው አያገኘውም። ምስሉን በቀጥታ በቢጫው የቪዲዮ መሰኪያ እንዲያወጣ የተሻሻለ ስፔክትረም ያለው ሰው ካለ ይዞ ይምጣ። አንዳንድ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ደግሞ የድሮውን ሲግናል አይተው "ሲግናል የለም" ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ ማን የትኛውን ስክሪን እንደሚያመጣ፣ ከየትኛው ማሽን ጋር እንደሞከረው በስም ዝርዝር ያዙ። ለሦስት ማሽን ቢያንስ አንድ ትርፍ የድሮ ስክሪን ይኑር።

አንድ የጋራ ካርቶን አዘጋጁ፦ የቪዲዮ ገመዶች፣ አስማሚዎች፣ ፊውዞች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ፕላስተር፣ ማርከር። ገመዶቹን ካርቶኑ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የባለቤቱን ስም ለጥፉባቸው። እሁድ ማታ ትመርቁኛላችሁ።

ደረጃ 6፦ ዲስክና ካሴት

ኦርጅናሉ ቤት ይቅር፣ ቅጂው ይምጣ። ኦርጅናል ካመጣችሁ ግን እንዳይጻፍበት ዝጉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። በ5.25 ኢንቹ ዲስክ ጎን ላይ ያለችውን ጎድጓዳ በፕላስተር ስትሸፍኗት ነው የሚዘጋው። በ3.5 ኢንቹ ግን ተቃራኒ ነው፤ ቀዳዳዋ ክፍት ሆና ብርሃን ሲታይባት ነው መጻፍ የማይቻለው።

ካሴት የሚጠቀም ሰው ትዕግሥት ይዞ ይምጣ። ባለ 48 ኪሎባይቱ ስፔክትረም አንድ ጌም ለመጫን አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ላይ አራተኛው ደቂቃ ላይ ስህተት ያመጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የቴፑ ራስ ዘንበል ማለቱ ነው። ከራሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ በትንሽ በትንሹ አዙሯት። ድምፁ ታፍኖ ከነበረበት ጥርት ብሎ እንደ ቢላዋ ሲሰላ እዚያ ላይ አቁሙ።

በዝግጅቱ ላይ አንድ ጠረጴዛ ለዲስክ ማዳኛ ብትመድቡ ሰው ይሰለፋል። ግሪስዊዝል የምትባል ትንሽ ቦርድ አለች፤ አሮጌ ፍሎፒ ድራይቭን ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ ታገናኛለች። ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ዲስኩ ላይ ያለውን የማግኔት ለውጥ እንዳለ ስለምትቀዳ የየትኛው ማሽን ዲስክ እንደሆነ ባታውቁም በኋላ መተርጎም ይቻላል። የጠረጴዛው ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዲስኩ በብርሃን ሲታይ እንደ ጤዛ ያለ ነጭ ሻጋታ ካለበት ድራይቭ ውስጥ አይገባም። የድራይቩን ራስ ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይቧጥጣል። ሁለተኛ፣ የወጣውን ፋይል የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ሰው ፊት ሲከፈት የሚሆነውን አይቻለሁ። የሁሉም ደብዳቤ የደስታ አይደለም።

ደረጃ 7፦ የሁለቱ ቀን ፕሮግራም

ቅዳሜ ጠዋት ለባለማሽኖች ብቻ ይሁን። ሦስት ሰዓት ይበቃል። ከብርድ የመጣ ማሽን ክፍሉን እስኪለምድ አንድ ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ፤ ውስጡ ላብ ይይዛል። ከሰዓት በሩ ለሁሉም ይከፈት። እሁድ ጠዋት ለጥገናና ለብየዳ፣ ከሰዓት ለውድድርና ለመለዋወጥ። ንግግር ካለ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ተናጋሪው ማሽን አብርቶ የሚናገር ቢሆን ይሻላል።

የብየዳው ጠረጴዛ መስኮት ሥር ይሁን፣ ጭሱን የሚወስድ ማራገቢያም ይኑረው። የድሮው የብየዳ ቆርቆሮ እርሳስ አለበት፤ የበየደ ሁሉ እጁን ይታጠብ። የሚጠጣ ነገር ከማሽኖቹ ጠረጴዛ የሚርቅበት ቦታ ለዩለት።

ድምፅን አትርሱ። አሥራ አምስት ማሽን እኩል ሲጮህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራስ ያማል። ሙዚቃው ለሚወደስለት ለኮሞዶር አንድ ጥሩ ስፒከር ስጡት፤ ሌላው ዝግ ይበል።

የተዘጋጀ ጌም ብቻ አትደርድሩ። ባዶ ስክሪን ያለው አንድ ማሽን ይኑር። ባንዱ ዝግጅት ላይ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ስፔክትረሙ ፊት ተቀመጠች። "10" ጻፊና "ፒ"ን ተጫኚ አልኳት። ፊደሏን ትጠብቅ ነበር፤ "ፕሪንት" የሚለው ቃል በሙሉ ባንዴ ስክሪኑ ላይ ተጻፈ። ደነገጠች። ስሟን በትእምርተ ጥቅስ አስገባች። ቀጥሎ "20"፣ ከዚያ "ጂ"፤ "ጎ ቱ" መጣ፣ 10 ጨመረች። አስነሳችው። ስሟ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞላውና ቆመ፤ ከታች በኩል "ስክሮል?" ብሎ ጠየቃት። ዞር ብላ አየችኝ፦ "እኔን ነው የሚጠይቀኝ?" አንቺን ነው አልኳት። አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ እንደገና ሞላ። ለሩብ ሰዓት ያህል ሲጠይቃት ስትፈቅድለት ቆዩ። ከኋላዋ የተሰለፉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ደረጃ 8፦ የሚነካና የማይነካ

በየማሽኑ ፊት ካርድ ይቁም። ስሙ፣ የወጣበት ዓመት፣ የሜሞሪው መጠን፣ ከዚያ ባለቤቱ የጻፈው አንድ አረፍተ ነገር። የመጨረሻው ነው የሚነበበው። "አባቴ የሱቁን ሒሳብ የሠራበት" የሚል ካርድ ያለበት ጠረጴዛ ፊት ሰው ይቆማል፤ የቺፑን ቁጥር የዘረዘረው ፊት አይቆምም።

የካርዱ ቀለም ሕጉን ይናገር። አረንጓዴ፦ ተቀመጡና ሞክሩ። ቢጫ፦ ባለቤቱን ጠይቁ። ቀይ፦ በዓይን ብቻ። ቀዩ ከሁለት ወይም ከሦስት ማሽን አይብለጥ። እንዲነካበት የማይፈልግ ሰው ውድ ማሽኑን ቤቱ ቢተወው ሁላችንም እናርፋለን። ባለቤቱ ሲነሳ ጎረቤቱን አደራ ይበል፤ ለረጅም ሰዓት ከሄደ ስክሪኑን ያጥፋ።

ደረጃ 9፦ የመለዋወጫው ጠረጴዛ

የሚሸጥም የሚሰጥም ዕቃ ላይ ከሦስት ቃል አንዱ ይጻፍ፦ "ተሞክሯል"፣ "አልተሞከረም"፣ "ሞቷል"። "ይሠራ ነበር" የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ይሠራ ነበር። እሁድ አሥር ሰዓት ላይ "ለወሰደ" ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ያመጣው ሰው መልሶ ይውሰድ፤ ካለዚያ የአዳራሹ ቆሻሻ መጣያ የአሮጌ ፕሪንተር መቃብር ይሆናል።

ደረጃ 10፦ እሁድ ማታ

ሁሉም ሲደክመው ነው ዕቃ የሚሰበረው። ስለዚህ መዝጊያውን ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጉት።

ሃርድ ዲስክ ያላቸው የሰማንያዎቹ ማሽኖች፣ ለምሳሌ በ1983 የወጣው ባለ 10 ሜጋባይቱ አይቢኤም ኤክስቲ፣ ከመጥፋታቸው በፊት የማንበቢያውን ራስ ወደ ማረፊያው የሚወስደው ትእዛዝ ይሰጣቸው። ያኔ ብዙው ዲስክ ይህን በራሱ አያደርግም ነበር። ሳይታዘዝ መኪና ላይ ከተጫነ የመንገዱ እያንዳንዱ ጉድጓድ የማንበቢያውን ራስ ከዲስኩ ጋር ያጋጨዋል። የ5.25 ኢንች ድራይቮች ውስጥ ድሮ ከፋብሪካ ሲወጡ የነበረውን ካርቶን መልሱ፤ ከጠፋ አንድ የማይፈለግ ዲስክ አስገብታችሁ ዝጉት። ስክሪን ስትሸከሙ መስታወቱ ወደ ደረታችሁ ይዙር። ክብደቱ ያለው ከፊት ነው፤ ወደ ውጭ ካዞራችሁት ይዟችሁ ይወድቃል።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወለሉን በባትሪ መብራት ዙሩ። ባለቤት የሌለው አንድ አዳፕተር ሁልጊዜ ይገኛል። ከጥቅል ገመዱ ጋር ጥግ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ማንም የኔ ነው አይልም። ወደ ጋራው ካርቶን ከመግባቱ በፊት ቴስተር አውጡና ቮልቱን፣ የጫፉንም ፖላሪቲ ለኩ፤ በማርከር ጀርባው ላይ ጻፉ። የስፔክትረም ሊሆን ይችላልና። የሱ አዳፕተር 9 ቮልት ሆኖ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ የብዙዎቹ ተቃራኒ። በሚቀጥለው ዝግጅት አንድ ሰው "አዳፕተር ረስቼ መጣሁ፣ ትርፍ አላችሁ?" ይላችኋል። ያኔ ካርቶኑ ውስጥ እጁን ሲከት የተጻፈበት ያግኝ።